የጊች ዳገት

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሳንቃበር ካምፕ ላይ ድንኳን እያጠፍን ነው። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ዚፕ መሳብ አቅቷቸዋል። ጓደኛዬን ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ሲያማት አድሯል፤ ቃል አትተነፍስም። ባለበቅሎው ሰውዬ ጭነታቸውን እያጠበቁ ዞር ብለው አዩንና፦

"ውኃ ጠጡ ልጆች። ዛሬ ቁልቁለቱም ዳገቱም አለ። እዚህ አገር የሚቸኩል ሰው አይደርስም" አሉን።

ጋሼ ነው የምንላቸው። ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። እኔ የወር ደሞዜን ግማሽ ከፍዬ የገዛሁትን የተራራ ጫማ አድርጌያለሁ፤ እሳቸው ኮንጎ ጫማ። ከደባርቅ ስንነሣ በልቤ ያዘንኩላቸው እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን የሚያዝነው ማን ለማን እንደሆነ ግልጽ ሆኗል።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ጠዋት ድረስ ስለ ስሜን የማውቀው ከስልኬ ያየሁትን ነው። ጭላዳ፣ ጭጋግ፣ ገደል ጫፍ ላይ እግሩን ያንጠለጠለ ሰው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ቢሆንም በትምህርታችን ውስጥ ስሜን ብቅ የምትለው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ሲነግሥ። ከዚያ በኋላ ስሜን ከታሪክ ትወጣና ተፈጥሮ ትሆናለች። ለፎቶዬ ያዘጋጀሁት ጽሑፍም ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ስልኬ ላይ ተቀምጧል፦ "የሰው እጅ ያልነካው ተራራ።"

ይህ ጽሑፍ ያ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደተሰረዘ ነው።

ጉዞው የአራት ቀን ነው። ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፍያ ይከፈላል፣ ክላሽ የያዘ ስካውት ይመደባል፣ በቅሎ የሚፈልግ ከነባለቤቱ ይከራያል። የመጀመሪያው ቀን ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር ነው፤ ቀላል የሚባለው እሱ ነው። ሁለተኛው ቀን ከሳንቃበር ተነሥቶ፣ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ጊች መውጣት ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፣ የጊች ካምፕ ደግሞ 3,600። ወረቀት ላይ ልዩነቱ 350 ሜትር ብቻ ይመስላል። ወረቀቱ የማይነግራችሁ ነገር መሀል ላይ ሸለቆ መኖሩን ነው። የወጣችሁትን ሁሉ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

መንገዱ መጀመሪያ የገደሉን ጫፍ ተከትሎ ይሄዳል። በግራ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቃል። ታች፣ በጣም ታች፣ ሌሎች ተራሮች አሉ፤ ከላይ ሲታዩ የተበተኑ ጉልቻዎች ይመስላሉ። ይህ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ተነባብሮ ተራራ ሆነ፣ ከዚያ ውኃና በረዶ እየቦረቦረ ከፋፈለው። ዛሬ "ገደል" የምንለው ውኃ ወስዶ የጨረሰው መሬት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጅንባር ጋ ስንደርስ ስካውቱ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። አንዲት ቀጭን የድንጋይ ምላስ ወደ ባዶው ትገባለች፤ ጫፏ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ሲያዩ ወንዙ ከሜዳው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ 500 ሜትር ይወድቃል። ክረምቱ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ስለሆነ ውኃው አልቀነሰም። መሬት ሳይደርስ ግማሹ ጉም ይሆናል። ጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፦ "እዚህ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?"

ጋሼ ሰምተዋል። ምንም አላሉም። በቅሎዋን ይዘው ወደፊት ሄዱ።

*

"እዚህ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከ1,700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጽሑፍ ላይ አለ።

በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ቀይ ባሕር ዳር፣ አዱሊስ ከተማ ውስጥ በግሪክኛ የተቀረጸ የድንጋይ ዙፋን አየና ጽሑፉን ገለበጠው። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ግልባጩ ግን ተረፈ። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይዘረዝርበታል፤ ሊቃውንት በብዛት ሦስተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያደርጉታል። ከተዘረዘሩት መሀል ስሜኖች አሉ። ንጉሡ ወንዙን ተሻግሬ ሄድኩባቸው፣ አገራቸው መድረሻ የሌለው ተራራ ነው፣ ውርጭና በረዶ አይለየውም፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ይውጣል ይላል። ወንዙ ተከዜ መሆኑ ነው። የአክሱም ነገሥታት የስሜንን ብርድ ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ ያወቁትም እዚያ ሊወጉት የሚገባ ሕዝብ ስለነበረ ነው።

ከዚያ በኋላም ስሜን ባዶ ሆና አታውቅም። ቤተ እስራኤሎች ለብዙ ዘመን እነዚህን አምባዎች ምሽግ አድርገው የራሳቸውን ገዥዎች አቁመዋል። ሠርጸ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዘመተባቸው፤ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጌዴዎንን ኃይል ሰበረ። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መሀል የዘር ሐረጉን ከዚህ ተራራ የሚጀምር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ስሜንን መነሻ አድርጎ ትግራይን ጭምር ገዛ። ደረስጌ ማርያምን ያሠራው እሱ ነው፤ ሥራውን የመራለትም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ለራሱ ንግሥ አስቦ ነበር ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረገ። በቀናት ውስጥ እዚያው፣ ውቤ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ ሰላማ ዘውዱን ጫኑለት፤ ቴዎድሮስ ተባለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ገደሉ ሰውን አላባረረም። ገደሉ ሰውን የጠበቀ ግንብ ነው። ሜዳ ላይ የተሸነፈ፣ የተገፋ፣ ግብር አልከፍልም ያለ ሰው ወደዚህ ይወጣል። የእግር መንገዶቹም እኛን ይጠብቁ አልነበረም። ገበያ የሚሄዱ፣ እህል የሚያስፈጩ፣ ሙሽራ የሚያጅቡ፣ በሽተኛ በቃሬዛ የሚያወርዱ ሰዎች ረግጠው ያወጧቸው ናቸው። እኛ በሦስት ዓይነት ቋንቋ የተጻፈ የትሬኪንግ ካርታ ይዘን የምንሄድበት መንገድ የሆነ ሰው የደጅ መንገድ ነበረ።

*

ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል። ጠጠሩ ይንከባለላል፣ የአስታው ሥር ጫማ ይይዛል። ወንዙ ጋ ስንደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ በቅሎዋን ውኃ አጠጡ፤ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ሰጡን። እኛ ደግሞ ቸኮሌት አወጣን። ተለዋወጥን። ቆሎው እንደሚያዋጣ ግን ዳገቱ ላይ ነው የገባኝ።

ያ ዳገት... እንዴት ልበላችሁ። ሃያ እርምጃ ትሄዳላችሁ፣ ቆማችሁ ትተነፍሳላችሁ። ከዚያ አሥራ አምስት። ከዚያ አሥር። ልብ ጆሮ ውስጥ ትመታለች። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሳንባችሁ ይሠራል፣ ግን የሚያገኘው ትንሽ ነው። ጓደኛዬ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከድካም እንጂ ከሌላ አይደለም። ጋሼ ወደ ኋላ ተመልሰው ቦርሳዋን ተቀበሏትና በቅሎዋ ላይ ደረቡት። "አይዞሽ ልጄ። እኔ ይህን ዳገት ገብስ ተሸክሜ ወጥቼዋለሁ። ቀስ በይ፤ መንገዱ የትም አይሄድም" አሏት።

"ገብስ ከየት ወዴት ጋሼ?" አልኳቸው ትንፋሼን እየሰበሰብኩ።

"ከገበያ ወደ ቤቴ።"

"ቤትዎ ደባርቅ አይደል እንዴ?"

"አሁን ነው።"

ዳገቱ ሲያልቅ መሬቱ ቀለል ይልና ይከፈታል። መጀመሪያ ሣር ብቻ ነው ያየሁት። ቀጥሎ ሣሩ ውስጥ መስመሮች አየሁ፤ ድንጋይ ለቀማ የተሠሩ የእርሻ ካቦች ናቸው። ከዚያ ክብ ክብ የድንጋይ መሠረቶች፣ ግማሹ በሣር የተዋጠ። በእሾህና በሳማ የተሞላ ቦታ አለ፤ ሳማ ከብት ያደረበትን መሬት ይወዳል። በቅሎዋ ከአንዱ ክብ ፊት ለፊት ስትደርስ ቆመች። ማንም አላስቆማትም።

ጋሼ ሳቁ። "ይቺ እኮ እስከ ዛሬ አልለመደችም። እዚህ ነው የተወለደችው" አሉ። ከዚያ በጣታቸው እያሳዩ፦ "ይህ የኔ ቤት ነው። ያ የወንድሜ። እዚያ ማዶ መስጊዱ ነበረ። ያቺን ጉብታ አየሻት? እዚያ ላይ ነው ሰርግ የምንጨፍረው።"

ጊች ማለት ይህ ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች የነበሩበት፣ ገብስ የሚዘራበት፣ በግና ከብት የሚረባበት መንደር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከዚህ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። እኔ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። በአገሬ ውስጥ አንድ ሙሉ መንደር ሲነሣ የታሪክ ተማሪ ነበርኩ፤ አልሰማሁም።

*

ነገሩ በአንድ ቀን አልመጣም። ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሳነብ ያገኘሁት መስመር ሃምሳ ዓመት ይሆናል።

መነሻው ዋልያ ነው። ዋልያ አይቤክስ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜም ከዚያም በኋላ ጠመንጃ ሲበዛ ቁጥሩ እያለቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁልያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ የዱር አራዊት ጥበቃ እንዲደራጅ መከረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኒኮል የሚባል ወጣት ዌልሳዊ ስሜን ላይ የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ሁለት ዓመት ያህል ከአዳኝና ከደን ቆራጭ ጋር ሲታገል ቆይቶ ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ ኋላ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1969 ስሜን በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን።

መዝገቡ ሲከፈት መንደሮቹ እዚያው ናቸው። ካርታው በላያቸው ላይ ነው የተሠመረው።

ፓርኩ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ማግስት ደርግ ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮችን በግድ አስነሣ። ቀጥሎ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተራራው ላይ ወጣ፤ የፓርኩ ሠራተኞች ሸሹ፣ ሽምቅ ተዋጊው ገባ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ የተነሡ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ መሬታቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ዋልያው ቀንሷል፣ ፓርኩን ሰንጥቆ መኪና መንገድ ተሠርቷል፣ ሰውና ከብት በዝቷል ተባለ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተቀመጡት ነጥቦች መሀል የፓርኩ ወሰን እንዲሰፋና መሀሉ ላይ ያለው የሕዝብ ብዛት በጉልህ እንዲቀንስ የሚሉ ይገኙበታል። ወሰኑ ሰፋ፤ ዛሬ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። መሀሉ ላይ የነበረው ትልቁ መንደር ጊች ነበረ። በ2008 ጊች ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስሜን ከአደጋ ዝርዝር ወጣች።

ዜናውን አስታውሰዋለሁ። ደስ ብሎኝ ሼር አድርጌዋለሁ። ዜናው ውስጥ ዋልያ ነበረ፤ ጋሼ አልነበሩም።

*

አሁን በግልጽ እናውራ። ይህን ጽሑፍ ድሃው ገበሬ ተበደለ፣ ፈረንጅ ክፉ ነው ብዬ እዚህ ብዘጋው ለሁላችንም ይቀል ነበር። ግን እኔም በዓይኔ ያየሁት አለ።

የጊች ተዳፋት ላይ የቆዩት የእርሻ ቦታዎች ያስፈራሉ። አንዳንዱ እርሻ የቤት ጣራ ያህል ያዘነበለ ነው። አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ ተርፏል። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ፤ እዚህ አገር ገደል ማለት ውኃ ወስዶ የጨረሰው መሬት ነው። በሬ ያረሰውን ዝናብ ያወርደዋል። ይህንን ራሳቸው ጋሼም አልካዱም። "አባቴ ሁለት ማሳ ነበረው። እኛ አምስት ወንድማማቾች ሆንን። የት እንሂድ? ወደ ዳገቱ ወጣን። ከዳገቱ በላይ ደግሞ ሰማይ ነው" አሉኝ። መሬቱም ሰዉም ሲጨናነቁ መጀመሪያ የሚሸነፈው የማይናገረው ነው፤ ዋልያው፣ አስታው፣ ቀይ ቀበሮው። መንግሥት ምንም ባያደርግ ኖሮ ዛሬ ጊች ላይ ደስተኛ መንደር ይኖር ነበር ማለት አልችልም።

ጊዮም ብላን የሚባል ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የስሜንን ጉዳይ ከአገሩ ከሴቬን ተራሮች ጋር አነጻጽሮታል። ሴቬን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በግ የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን አካባቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ምክንያቱ እረኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ በግ መጠበቃቸው መልክዓ ምድሩን ሠርቶታል ተብሎ። ስሜን ላይ በግ መጠበቅ አደጋ፣ ሴቬን ላይ ቅርስ። የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ሁለቱ ተራራዎች አንድ አይደሉም፣ የሴቬን በግ ዋልያን አያጠፋም ሊል ይችላል፤ እውነት አለው። እኔም የብላንን ክርክር ሁሉ አልቀበልም፤ አንዳንዴ ገበሬውን አፈር የማይሸረሸርበት ሰው ያደርገዋል። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። አንዱ አገር ላይ ሰው የተራራው አካል ነው፤ ሌላው አገር ላይ ሰው በተራራው ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ይህን የወሰነው ማን ነው? ሲወሰንስ ተራራው ላይ ገብስ የሚሸከመው ሰው የት ነበረ?

ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ሲነሡ ደስ ብሎዎት ነው ወይስ አዝነው?"

ትንሽ አሰቡ። "አየሽ ልጄ፣ ካሳ ተሰጠን። ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ለመሄድ ገደል አትወርድም፤ ሚስቴ ስትታመም ሐኪም ቤት ቅርብ ነው። ይህን ካላልኩ እዋሻለሁ። ግን እዚህ ሳለሁ እንቁላል ገዝቼ አላውቅም። ገብስ ገዝቼ አላውቅም። ለበቅሎ ሣር በብር ይገዛል ብትዪኝ እስቅ ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ መሬት ግን አያልቅም ነበር።" ከዚያ በጅራፋቸው እጀታ መሠረቱን ነካ ነካ አደረጉና፦ "ደግሞ እኔ እዚህ የምመጣው የእናንተን ዕቃ ጭኜ ነው። ዕቃ የሚያስጭን ከሌለ ምን ብዬ እመጣለሁ?"

*

ያን ሌሊት ጊች ካምፕ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወረደ። ጋቢ በስሊፒንግ ባግ ላይ ደርበንም አልሞቀን። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወጣሁ። ጅብራዎቹ በጨረቃ ብርሃን ውስጥ ቆመው ሰው ይመስላሉ። "እንደ ጅብራ ተገትሮ" የምንለው ለካ ዝም ብሎ አይደለም። ይህ ተክል ለዓመታት ሳያብብ ይቆማል፤ አንዴ ያብብና ይሞታል። ካምፑ ጸጥ ብሏል፤ ውሻ አይጮኽም፣ የሕፃን ለቅሶ የለም፣ አዛን የለም። ቀን ላይ "እንዴት ያለ ሰላም ነው!" ያልኩት ዝምታ ዕድሜው ሦስት ዓመት እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ። ያም ሆኖ ያምራል። ይህንን መካድ አልችልም። ከባዱ ነገር እሱ ነው፤ መንደሩ ተነሥቶ የመጣውን ውበት እኔ ከፍዬ እየተደሰትኩበት ነው።

በማግስቱ እሜት ጎጎ ወጣን። 3,926 ሜትር። በሦስት በኩል ባዶ ነው፤ ቆማችሁ ሳይሆን ተንጠልጥላችሁ ነው የምታዩት። ከኛ በታች አሞራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ይዞራል። በመንገዱ ላይ ግን ጥቁር ነገር ነበር፤ የተቃጠለ አስታ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ይህ አካባቢ ለቀናት ነድዷል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እነሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን እሳቱን በቅጠልና በአፈር የተጋፈጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ጋሼ ከደባርቅ ከወጡት መሀል ነበሩ።

"ከፓርኩ አስወጥተዋችሁ እሳት ልታጠፉ ተመለሳችሁ?" አለች ጓደኛዬ። ጥያቄው ትንሽ ሸካራ ነበር፤ እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው አልተቀየሙም።

"ምን ማለትሽ ነው? አገሬ ሲቃጠል ደባርቅ ቁጭ ብዬ ጢሱን ልይ?"

ከዚያ ወደ ጨነቅ ወረድን። ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀብን። የኔ ጉልበት አልቆ ነበር፤ ስለ መጨረሻው አንድ ሰዓት የማስታውሰው የጋሼን ኮንጎ ጫማ ብቻ ነው፤ እሱን እያየሁ ነው የሄድኩት። ካምፑ ልንደርስ ስንል ስካውቱ በዝግታ ቁጭ እንድንል ምልክት ሰጠን። ገደሉ ላይ፣ ፍየል እንኳ ይቆምበታል ተብሎ በማይታሰብ ቦታ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ጀርባው ሊደርስ ነው። ረጅም ጊዜ አየን። ጋሼም አዩት፤ ምናልባት በሕይወታቸው ሺህ ጊዜ አይተውታል።

"እሱም የዚህ አገር ሰው ነው" አሉ። ቁጣም ምሬትም አልነበረበትም። እንደ ጎረቤት ነው ያወሩለት።

*

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ሆኗል። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ ሰላም ደፍረስረስ ባለ ቁጥር ቱሪስት ይጠፋል። ተጓዥ ሲጠፋ የሚጎዳው ሆቴል ብቻ አይደለም። ከመሬቱ ተነሥቶ በቱሪዝም ትኖራለህ የተባለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይነሣል። በቅሎ ያለ ጭነት ሣር ይበላል፤ ሣሩ ደግሞ በብር ነው።

ሰላም ሲሆን ስሜን ሂዱ። እላችኋለሁ፣ ሂዱ። የጅንባርን ገደል ሳያዩ መሞት ያስቆጫል። ዳገቱን ስትወጡ ቀስ በሉ፣ ቆሎ ያዙ፣ ውኃ ጠጡ። ጊች ስትደርሱ ግን በክቦቹ መሀል አትለፉ፤ ዞር ብላችሁ በዳር እለፉ። የሰው ቤት ናቸው። በቅሎ የሚጭንላችሁን ሰው ከየት እንደሆነ ጠይቁት፤ ታሪክ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እንደኔ፣ አጠገባችሁ የሚሄደውን ታሪክ ታልፉታላችሁ።

ደባርቅ ላይ ስንለያይ ሒሳባችንን ከፈልን፤ ጋሼ ብሩን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ቅድም ጊች ላይ ያነሣሁትን ፎቶ ልኬላቸው እንደሆነ። ፏፏቴውን መስሎኝ ነበር። "አይ፣ እሱን ሳይሆን፣ ድንጋዮቹ ያሉበትን" አሉ። "ትንሿ ልጄ ቤታችን ደጁ በየት በኩል እንደነበረ ረስታለች። እናቷ ሌላ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ።"

በልጃቸው ቴሌግራም ላኩላቸው። ፎቶው ላይ ሣር፣ ክብ ድንጋይ፣ አንዲት የቆመች በቅሎ አለች። ደጁ በየት በኩል እንደነበረ በበቅሎዋ አቋቋም ይታወቃል።